የሰፈር ሜዳችንን በቀጥታ ለማሳየት ምን ዓይነት ካሜራ እንግዛ?

ጥያቄ፦ አካም ጂርቱ፣ የጠይቁን አዘጋጆች! የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የሰፈራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ ክለብ አስተባባሪ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለን፣ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ ጨዋታ። እዚሁ ሜዳ ላይ ተጫውተው ያደጉ፣ አሁን አዲስ አበባ፣ ሳዑዲና አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችን ናቸው ማሊያና ኳስ እየላኩ ክለቡን ያቆሙት። ጨዋታውን በቀጥታ ማየት እንፈልጋለን ብለው ትንሽ ገንዘብ አዋጥተዋል። አንዱ ዌብካም ገዝታችሁ በረጅም ገመድ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት ይለናል። ሌላው ሲም የሚገባበት ካሜራ ይበቃችኋል ይላል። የሜዳው ጥግ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለችን፣ መብራት ገብቶላታል፣ ኢንተርኔት ግን ገና ነው። ካሜራውን መሃል መስመር ላይ ብንሰቅለው ከክፍሏ ወደ 60 ሜትር ይርቃል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ መብራቱም አንዳንዴ ይሄዳል። ቢቻል 24 ሰዓት ቢሠራ ደስ ይለናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሰላም ነን፣ ወንድማችን። የተዋጣውን ገንዘብ ካሜራ ላይ አትጨርሱት። ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ካሜራው ነው። ምስሉን ከሜዳችሁ አውጥቶ አሜሪካ ያለው ወንድማችሁ ስልክ ላይ የሚያደርሰው ኢንተርኔቱና መብራቱ ነው። እነሱ ካልተስተካከሉ የፈለገ ውድ ካሜራ ብትሰቅሉ ተመልካቹ የሚያየው እየዞረች የምታስጠብቅ ክብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከኢንተርኔቱ ጀምሩ። ብዙ ሰው መስመር ሲያስገባ የሚጠይቀው በስንት ፍጥነት እንደሚያወርድ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን የመጫኛውን ፍጥነት፣ አፕሎዱን ነው። በድሮው የስልክ መዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ሲያወርድ ደህና ይሆንና ሲጭን ይንፏቀቃል፤ አሠራሩ ራሱ እንደዚያ ነው። ፋይበር ሰፈራችሁ ከደረሰ ሳታመነቱ ፋይበር አስገቡ። ካልደረሰ ያላችሁ አማራጭ ሲም የሚወስድ የ4ጂ ራውተር ነው። ግን ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት እዛችው ክፍል ውስጥ ቆማችሁ በስልክ የአፕሎድ ፍጥነቱን ለኩ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ሞክሩ፣ የተሻለውን ያዙ። ደግሞ የምትለኩት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሳይሆን ጨዋታው በሚካሄድበት በእሁድ ጠዋት ይሁን፣ ምክንያቱም የሞባይል ኔትወርክ ሰው ሲበዛበት ይቀንሳል። ለመላክ ካሰባችሁት ቢያንስ እጥፉን ካገኛችሁ በሰላም ትሠራላችሁ።

ስንት ነው የምንልከው ካላችሁ፣ 720 ፒ በሚባለው ጥራት ለእግር ኳስ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ያስፈልጋል። ትንሹን፣ 2ን እንያዝ። በሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል። የሁለት ሰዓት ፕሮግራም 1.8 ጊጋባይት ነው። ሦስቱን ልምምድና የእሁዱን ጨዋታ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ሰዓት ብታሳዩ በወር 31 ጊጋባይት አካባቢ ይመጣል። አሁን 24 ሰዓት ይሥራ ያላችሁትን አስሉት፦ በቀን 21.6፣ በወር 648 ጊጋባይት! በጥቅል የምትገዙ ከሆነ ወንድሞቻችሁ ለኳስ የላኩት ብር ሌሊት ሌሊት ባዶ ሜዳ ለማሳየት አለቀ ማለት ነው። የምታስተላልፉበት ዩቲዩብ ደግሞ ከ12 ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ የቆየ ስርጭትን ቀድቶ አያስቀምጥላችሁም። ይሄ ለእናንተ ትልቅ ጉዳይ ነው። እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳዑዲ ያለው በእኛው ሰዓት ነው የሚያየው፣ ዋሽንግተን ያለው ግን እኩለ ሌሊት ሆኖበታል ወይም አልፎበታል። እሱ የሚያየው ሲነጋ፣ ቅጂውን ነው። እናም ጨዋታ ሲኖር ክፈቱ፣ ሲያልቅ ዝጉ።

ወደ ካሜራው እንምጣ። የዌብካሙን ሐሳብ ተዉት። የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር ሲያልፍ ችግር ይጀምራል፣ ዌብካሙም ዝናብ እንዲመታው ተደርጎ አልተሠራም። የሚያስፈልጋችሁ የውጪ አይፒ ካሜራ ነው፣ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት። በአንድ የኔትወርክ ገመድ ምስሉም መብራቱም አብረው ይሄዳሉ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ። ካሜራው ጋ ሶኬት መትከል የለም፣ ሜዳ ዳር 220 ቮልት መጎተት የለም፤ ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ ላይ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ካርቶኑ ላይ አይፒ 66 ወይም አይፒ 67 የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው 6 አቧራ አይገባውም ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውሃ ነው፦ 6 ከሆነ በኃይል የሚረጭ ውሃን ይችላል፣ 7 ከሆነ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል።

የት ይሰቀል በሚለው ላይ ግን ከእናንተ እንለያለን። መሃል መስመር ያላችሁት ቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ ስለምናይ ነው። እዚያ ካሜራውን ኳሷን እየተከተለ የሚያዞር ሰው አለ። የእናንተ ካሜራ አይዞርም። የማይዞር ካሜራ መሃል ላይ፣ ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ ሲቆም ቀኝና ግራ ያሉት ቅርብ ማዕዘኖች ከምስሉ ይወጣሉ፤ የኮርነር ምት ሲመታ መቺውን አታዩትም። ጥግ ላይ ስትሰቅሉት ግን ሜዳው በሙሉ በ90 ዲግሪ ውስጥ ይገባል። 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው የተለመደ ካሜራ ወደ 100 ዲግሪ ስለሚያይ ይበቃዋል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ማዶ ያለው ጎል ጋ ያሉት ልጆች ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። እኛ ብንሆን ሙሉ ሜዳ እያየን ማዶው ቢያንስብን እንመርጣለን። ክፍላችሁም ጥግ ላይ መሆኗ ዕድላችሁ ነው፣ ግድግዳዋን ይዞ የሚወጣ የብረት ቱቦ ብታስበይዱ የ60 ሜትሩ ገመድ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

ከፍታው 6 ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የባህር ዛፍ አጣና ርካሽ ነው፣ እናውቃለን፤ ግን ነፋስ ያወዛውዘዋል። መወዛወዙ ለዓይን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ካሜራው ዳታ የሚቆጥበው ከባለፈው ምስል የተለወጠውን ብቻ እየላከ ነው። ምሰሶው ሲነቃነቅ ሣሩም ጎሉም አጥሩም ሁሉም እንደተለወጠ ይቆጠራል፣ ያኔ ምስሉ ይደበዝዛል ወይ ዳታው ይንራል። ስለዚህ ወፍራም ቱቦ፣ እግሩ በሲሚንቶ የተያዘ። የመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ ግን እንዳትሰቅሉ፣ ሰው ይሞታል።

ፀሐይንም አስቡባት። ካሜራችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ የሚለው ምክር ለአውሮፓ ሰው ነው። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ብቻ ናት፤ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን፣ ሌላውን ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሁልጊዜም ከፍ ብላ ነው። ችግሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የእናንተ ዋናው ጨዋታ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ካሜራው ወደ ምሥራቅ ባያይ ይመረጣል። ከቱቦው በፊት አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ይውጣና በዚያው ሰዓት በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። ፀሐይ ከገባችበት ካሜራውን ሰማይ እስከማይታይ ዝቅ አድርጉት ወይም ጥጉን ቀይሩ። ጥግ ከቀየራችሁ የገመዱ ርዝመት፣ ወደ ላይ የሚወጣውንም ጨምሮ፣ ከ100 ሜትር እንዳያልፍ።

ገመዱ ላይ ጠንከር በሉ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፣ ከውጪ ሲያዩት አንድ ናቸው። አንዱ ሙሉ መዳብ ነው፣ ሌላው በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። ስትሄዱ ምላጭ ያዙ። ከጥቅልሉ ጫፍ አንዷን ቀጭን ሽቦ ላጧትና ፈቅፍቋት። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጭ ካወጣች አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። አሉሚኒየሙ ለኮምፒውተር ብቻ ቢሆን ሊያገለግል ይችላል፤ መብራት ጭምር በረጅሙ ሲሸከም ግን በመንገድ ላይ ኃይል ይባክናል። ካሜራው ቀን ይሠራና ሲመሽ የማታ መብራቱ (በጨለማ እንዲያይ የተሠራለት የራሱ መብራት) ሲበራ፣ ማለትም ብዙ ኃይል ሲፈልግ፣ ጠፋ በራ ማለት ይጀምራል። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም፣ ሽቦው ነው። ለውጪ የሚሆነው ደግሞ ጥቁር ሽፋን ያለው ነው፣ ፀሐይ ቶሎ አያነቅዘውም።

ዝናቡ ካሜራውን የሚገድለው በፊቱ አይደለም፣ በጀርባው ነው። ከካሜራው የምትወጣው አጭር ገመድ ከእናንተ ገመድ ጋር የምትገናኝበት ቦታ፣ እዚያ ውሃ ገብቶ የመዳቡን ጥርሶች አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ይሄን መገናኛ በፕላስተር ጠቅልሎ መተው አይሠራም። ውሃ የማይገባበት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ የገመዱ መግቢያ በሳጥኑ ሆድ በኩል እንጂ በላይ አይሁን። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃው እዚያ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ክፍሏ ውስጥ አይገባም።

መብረቅም አለ። የብረት ቱቦው ኧርዝ ይደረግ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ፣ ገመዱ ክፍሏ ውስጥ ሲገባ የመብረቅ መከላከያ ይለፍ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጨዋታው ሲያልቅ ሶኬቱንም የኔትወርክ ገመዱንም መንቀል ነው። 24 ሰዓት አይሥራ ያልነው ለዚህም ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ካሜራው፣ በገመዱ ለካሜራው መብራት የሚሰጠው ፒኦኢ ስዊች፣ ራውተሩና አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ተደምረው 25 ዋት አካባቢ ነው የሚበሉት። 12 ቮልት፣ 18 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ስለዚህ 108 ያዙ። ከአራት ሰዓት በላይ ነው፣ ከነኢንቨርተሩ ብክነትም አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ያልፋል። ጄኔሬተር አያስፈልጋችሁም።

የቀረው ሶፍትዌሩ ነው፣ እሱ ብዙም አያስጨንቅም። ካሜራው ውስጥ አርቲኤምፒ የሚል ምርጫ ካለ በቀጥታ ወደ ዩቲዩብ ይልካል፣ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። ከሌለው ኦቢኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ጫኑና የካሜራውን የአርቲኤስፒ አድራሻ፣ ማለትም ምስሉን ከካሜራው የሚቀበልበትን አድራሻ፣ ስጡት። የምስሉን አጨማመቅ ኤች 264 አድርጉት፣ ቁልፍ ፍሬሙን (ሴቲንጉ ላይ ኪይፍሬም የሚለውን) በየ2 ሰከንዱ። ካሜራው ማይክ ከሌለው ባዶ ድምፅ ጨምሩበት፣ ድምፅ አልባ ስርጭት ዩቲዩብ ላይ ያስቸግራል። ቻናሉን በስልክ ቁጥር አረጋግጣችሁ ቀጥታ ስርጭት ስታስፈቅዱ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ስለሚችል እሁድ ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ ጨርሱት። ዩቲዩብ የሚሰጣችሁን የስርጭት ቁልፍ (ስትሪም ኪይ) ማንም ካገኘው በስማችሁ የፈለገውን ያስተላልፋልና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት።

አንዳንድ ባለሙያ ዩቲዩብ ምን ያደርጋል፣ የራውተሩን ፖርት ከፍተን ሰዉ በቀጥታ ካሜራው ላይ ይግባ ይላችኋል። እሺ እንዳትሉ። 30 ሰው ቢገባ 30 ጊዜ 2 ሜጋቢት ከእናንተ መስመር ይወጣል፤ በዩቲዩብ ግን እናንተ አንዴ ትልካላችሁ፣ ማባዛቱ የእሱ ሥራ ነው። ከዚያም በላይ አደጋ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ ትልልቅ ድረ ገጾችን ጥሏል። ካሜራው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ፓስወርዱን ቀይሩ።

እና ሁለት ልጆችን መድቡ። የማታ መብራቱ ነፍሳትን ይጠራል፣ ነፍሳቱ ሸረሪትን ይጠራሉ፣ ሸረሪቷ ሌንሱ ላይ ድር ትሠራለች። ማታ ካልተጫወታችሁ ያንን መብራት ከሴቲንጉ አጥፉት። ሌንሱን ቅዳሜ ቅዳሜ ለስላሳ ጨርቅ ረጅም ዘንግ ላይ አስራችሁ ጥረጉ።

ጥያቄ፦ የዚሁ የጅማ፣ የጊንጆ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ የሚጫወትበት ክለብ ልምምዱን በኢንተርኔት ሊያሳይ ነው ተባለ። ማን እንደሚያየው ሳላውቅ ልጄ እንዲታይ አልፈልግም። ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ፣ እህታችን፤ ልክ ነሽ። ክለቡ ካሜራውን ከመስቀሉ በፊት ወላጆችን ሰብስቦ ማስረዳትና በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ አለን። ፊቱ የሚለይ ልጅ ምስል ደግሞ የግል ዳታ ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ ስርጭቱ ለሁሉም ክፍት ነው ወይስ ሊንኩ ላለው ብቻ? በሊንክ ብቻ መሆኑ ይሻላል፣ ግን ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድም እወቂ። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል? ቻናሉ የተከፈተው በአዋቂ ስም ነው? ልጆቹ ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ፣ የጎረቤት ግቢ ካሜራው ውስጥ ይገባል? የልጆች ሙሉ ስምና ትምህርት ቤት ይጠራል? አንድ ወላጅ እንኳ እንቢ ካለ ልምምዱን አለማሳየት ነው ትክክሉ። ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ተጋጣሚው ቡድን ወላጆችም አሉና እነሱም ይጠየቁ። ለአስተባባሪው ይሄን ጽሑፍ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ካሜራውን ከቤት ውስጥ፣ ከመስኮት መስታወት ጀርባ ባስቀምጠውስ? ከዝናቡም ይተርፋል።

መልስ፦ ቀን ላይ ይሆናል፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠግተው። ማታ ግን የራሱ መብራት ከመስታወቱ ነጥሮ ያሳውረዋል፣ አጥፋው። መስኮቱ ላሜራ ፍርግርግ ካለው ደግሞ ካሜራው የሚያተኩረው ፍርግርጉ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። የተፈጥሮ ክበባችን እዚሁ ጅማ ባለው ቦዬ ረግረግ ላይ ያሉትን ወፎችና ጉማሬዎች በቀጥታ ማሳየት ይፈልጋል። መብራት የለም። ሶላር ያለው ባለ ሲም ካሜራ አይተናል፣ እንግዛው?

መልስ፦ ሐሳባችሁን ወደድነው። የከተማዋ ልጆች ቦዬን ስልካቸው ላይ ቢያዩት በአካል ሄደው ለማየትም ይነሳሳሉ። ግን ያያችሁትን ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሳይቋረጥ ወደ ዩቲዩብ ይልካል? አብዛኞቹ የሶላር ካሜራዎች ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛሉ፣ የሚነቁት የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ ወይ ባለቤቱ በስልኩ ሲከፍታቸው ነው። ለጥበቃ ጥሩ ናቸው፣ ለስርጭት አይሆኑም። በራሳችሁ ብትሠሩት ካሜራና ራውተር 10 ዋት ቢበሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሲሠሩ 120 ዋት ሰዓት ነው። የ100 ዋት ፓኔል በበጋ ከበቂ በላይ ይሰጣል። በክረምት ደመናው ሲከብድ ግን ላይበቃ ይችላልና ያኔ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ክፈቱት።

እኛ የምንመክራችሁ ግን ከዚያ በፊት በስልክ መጀመር ነው። ዩቲዩብ በስልክ ቀጥታ ለማስተላለፍ 50 ተከታይ ይጠይቃል፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 50 ሰው አይጠፋም። ስልኩን ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሰዓት አሳዩ፣ አንዱ ጓደኛችሁ የሚታየውን ወፍ እየተናገረ። ኔትወርኩም የት ጋ እንደሚይዝ፣ ወፎቹም የት እንደሚሰበሰቡ ያኔ ታውቁታላችሁ። አስተማሪያችሁ አብሯችሁ ይሁን። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከውሃው የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ ሌሊቱን ግጦ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። በእነዚያ ሰዓቶች ውሃው ዳር ዕቃ ልትተክሉ ወይ ባትሪ ልትቀይሩ እንዳትሄዱ። ጎጆ ያላቸው ወፎች ዘንድም አትጠጉ፣ እንቁላላቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ቋሚውን ምሰሶ ለመትከል ስትደርሱ እዚያ ከብት የሚያግዱትንና ሣር የሚያጭዱትን አባቶች ጠይቁ። በክረምት ውሃው እስከ የት እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ዕቃችሁንም ቀን ቀን የሚያዩላችሁ እነሱ ናቸው።